ደረቀ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፦ ውሃ የገባባቸው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችና የመስክ መረጃ ደኅንነት

የእጅ ስልክ፣ ታብሌት ወይም የድምፅ መቅጃ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ምክር ይሰጣል፦ ሩዝ ውስጥ ይከተት፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ሲደርቅ ተከፍቶ ይታይ። ምክሩ ከቅን ልብ የሚመነጭ ቢሆንም የቆመበት ግምት የተሳሳተ ነው። ግምቱ ጠላቱ ውሃው ብቻ እንደሆነ፣ ውሃው ከወጣም ጉዳቱ እንደሚቆም አድርጎ ያስባል። እውነታው ግን ሌላ ነው። መሣሪያውን የሚያጠፋው ውሃው የተሸከመው ጨውና ቆሻሻ ከባትሪው ኃይል ጋር ተባብሮ፣ ጊዜ አግኝቶ የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ማድረቅ የማዳን ሥራ የመጨረሻው ደረጃ ሊሆን ይገባል፤ ኃይልን ማቋረጥና ማጠብ ይቀድሙታል።

ነገሩ የአንድ ዕቃ ዋጋ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተመራማሪዎችን ትኩረት ባልጠየቀ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙው የመስክ መረጃ የሚሰበሰበው በስልክና በታብሌት ነው። ቃለ መጠይቁ የሚቀዳው፣ መጠይቁ የሚሞላው፣ የማሳው ወሰን በጂፒኤስ የሚለካው፣ ፎቶግራፉም የሚነሣው በዚያው በአንዱ መሣሪያ ነው። የአፈር መሸርሸርን የሚያጠና ተማሪ ዝናብን ሸሽቶ መረጃ ሊሰበስብ አይችልም፤ የመኸር ሰብልን የሚከታተል ተመራማሪም ክረምትን መዝለል አይሆንለትም። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የተሞላ መጠይቅ ወደ ሰርቨር እስኪላክ ድረስ የሚገኘው በመሣሪያው ውስጥ ብቻ ነው። ወንዝ ሲሻገር ኪሱ የራሰበት መረጃ ሰብሳቢ ከስልኩ ጋር የሳምንታት ድካምንና ወቅቱ ካለፈ የማይተካ ልኬትን አብሮ ሊያጣ ይችላል።

የጉዳቱ ሥረ ነገር

ፍጹም የተጣራ ውሃ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው እጅግ በደካማ ሁኔታ ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የማስተላለፍ ዐቅሙ በሴንቲ ሜትር 0.055 ማይክሮሲመንስ ገደማ ሲሆን፣ የባሕር ውሃ ግን ወደ 50,000 ማይክሮሲመንስ ይጠጋል። የቧንቧ፣ የወንዝና የጎርፍ ውሃ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ይገኛል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት በውሃው ውስጥ የሟሙት አዮኖች ናቸው። ስኳር ያለው ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና የሳሙና ውሃ ደግሞ ከአዮኖቹ በተጨማሪ በቦርዱ ላይ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይተዋሉ።

በዚህ ላይ ባትሪው ይጨመራል። ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመክፈል በንድፈ ሐሳብ የሚያስፈልገው 1.23 ቮልት ብቻ ነው፤ የአንድ ሊቲየም አዮን ባትሪ መደበኛ ቮልቴጅ ግን 3.7 ቮልት ገደማ ነው። በመሆኑም ባትሪው እንደተያያዘ የራሰ ቦርድ ትንሽ የኤሌክትሮሊሲስ ዕቃ ይሆናል። በአዎንታዊው ጫፍ ያለው መዳብ ወይም ቆርቆሮ እየሟሟ ወደ አዮን ይለወጣል፤ አዮኑ በውሃው ውስጥ ተጉዞ በአሉታዊው ጫፍ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተዘረጋ ያድጋል፤ ቅርንጫፉ ሁለቱን ጫፎች ሲያገናኝም ሾርት ይፈጠራል። ይህ ሂደት ምቹ ሁኔታ ካገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጀምር ይችላል። መሣሪያውን በአዝራሩ ማጥፋት ይረዳል፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ስልኩ ጠፍቶም ቢሆን የኃይል መቆጣጠሪያው ክፍል ከባትሪው ጋር እንደተያያዘ ይቆያልና። «ይሠራ እንደሆነ እንየው» ብሎ ማብራት ወይም ቻርጀር መሰካት ደግሞ ጉዳቱን በገዛ እጅ ማፋጠን ነው።

ውሃው ከተነነ በኋላስ? ውሃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። በቺፖቹ ሥር ባለው ጠባብ ክፍተት የተያዘው ጠብታ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር የጨው ክምችቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ዝቃጩ እዚያው ይቀራል። የምግብ ጨው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከአየር ውሃ እየሳበ ራሱን ያሟሟል፤ ለማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ 33 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። በክረምት አየር ውስጥ ይህ እርጥበት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ደርቋል ተብሎ ወደ ሥራ የተመለሰ መሣሪያ ዝናብ ሳይነካው ከውስጡ መልሶ ይረጥባል፤ ዝገቱም ካቆመበት ይቀጥላል። ከሳምንታት በኋላ «ያለ ምክንያት» ሞተ የሚባለው ስልክ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

የሩዝ ልማድና የማስረጃው ድክመት

ሩዝን የሚያወድሱ ሰዎች ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ስልካቸው በእርግጥ ተነሥቷል። ችግሩ ያለው በድምዳሜው ላይ ነው። ለማከማቻ የተዘጋጀ ሩዝ ራሱ ከ12 እስከ 14 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛልና ከታሸገ መሣሪያ ውስጥ ውሃን ስቦ የማውጣት ኃይሉ አነስተኛ ነው። ብናኙና ስታርቹ ደግሞ በቻርጀር መሰኪያው በኩል ይገባሉ። አፕል የተባለው ስልክ አምራችም በድጋፍ ገጹ ላይ ስልክን ሩዝ ውስጥ መክተት ጥቃቅን ብናኞች እንዲጎዱት ሊያደርግ እንደሚችል አሳስቧል፤ ማሳሰቢያው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተስተጋብቷል።

ታዲያ ሩዝ ለምን ይመሰገናል? ሩዝ ውስጥ የተከተተ ስልክ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጠፍቶ ስለሚቆይ ነው። ንጹሕ በሆነ ጥቂት ውሃ የራሰ መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም ሊነሣ ይችል ነበር። የተረፉት ይመሰከርላቸዋል፤ የሞቱት ይጣላሉ፤ ከወር በኋላ የሞተውንም ከውሃው ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። ማነጻጸሪያ ቡድን በሌለበት የተደረሰ ድምዳሜ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ቢቀርብ ፈታኞች አያሳልፉትም፤ በዕለት ተዕለት ኑሮ ግን ተመራማሪው ራሱ ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። ሲሊካ ጄል እርጥበትን በመምጠጥ ከሩዝ ይሻላል፤ ጨውን ግን እርሱም አያወጣም። የጋለ ፀሐይና የከሰል ምድጃ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨምራሉ፤ የሊቲየም ባትሪ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊሞቅ አይገባውምና።

ከባሕር ወለል የተገኘ ትምህርት

መሣሪያ ከመድረቁ በፊት መታጠብ አለበት የሚለው ሐሳብ ለብዙዎች እንግዳ ቢመስልም በአቪዬሽን አደጋ ምርመራ የታወቀ አሠራር ነው። ከባሕር የወጣ የበረራ መረጃ መቅጃ ወዲያው እንዲደርቅ አይደረግም፤ ንጹሕ ውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ተነክሮ ወደ ቤተ ሙከራ ይጓጓዛል። ጨው ያዘለ ቦርድ አየር እያገኘ ሲደርቅ ዝገቱ ስለሚፋጠን ነው። በቤተ ሙከራው ቦርዱ ይጸዳል፣ በተመጠነ ሙቀት ይደርቃል፣ ይመረመራል፤ ኃይል የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የወደቀው የኤር ፍራንስ የበረራ ቁጥር 447 መቅጃዎች የወጡት በሜይ 2011፣ ከ3,900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ነበር። ወደ ሁለት ዓመት በጨው ውሃ ውስጥ ቢቆዩም የያዙት መረጃ ተነቧል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2010 ከቤይሩት እንደተነሣ በሜዲትራኒያን ባሕር የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 409 መቅጃዎችም ከባሕር ወጥተው መረጃቸው በፈረንሳይ ተነቧል። እርግጥ ነው፣ እነዚህ መቅጃዎች ለአደጋ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ የኪስ ስልክ ከእነርሱ ጋር በጥንካሬ አይወዳደርም። ሆኖም ከጥንካሬያቸው ሌላ የጠቀማቸው ነገር አለ፤ የማስታወሻ ቺፖቹ በባሕሩ ውስጥ ኃይል አልነበራቸውም። ኃይል የሌለው ማስታወሻ ሁለት ዓመት በባሕር ሲቆይ፣ ባትሪው የተያያዘ ስልክ ግን በአንድ ሌሊት ሊሞት ይችላል።

የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል

ከዚህ የሚመነጨው አሠራር ረጅም አይደለም። መሣሪያው ወዲያው ይጠፋል፤ ባትሪው የሚነቀል ከሆነ ይነቀላል፤ ሲም ካርዱና ሚሞሪ ካርዱ ይወጣሉ። ሚሞሪ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ በፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ስለሆነ በዲስቲልድ ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ሊነበብ ይችላል። ባትሪው የማይነቀል መሣሪያ ሳይበራና ቻርጀር ሳይነካው በተቻለ ፍጥነት ወደ ጥገና ባለሙያ ይወሰዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ሰው የሚያጥበው ጨው ነው፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ዝገት ነው።

ባለሙያው ባትሪውን አላቅቆ፣ የብረት መሸፈኛዎቹን አንሥቶ ቦርዱን ያጥባል። በዚህ ላይ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። አይሶፕሮፒል አልኮል የገጽ ውጥረቱ ከውሃ ሲሶ ያህል ስለሆነ በቺፖች ሥር በቀላሉ ይገባል፣ ውሃውን ያስወጣል፣ ፈጥኖም ይተናል፤ ጨውን ግን በደንብ አያሟሟም። ስለዚህ ባሕር፣ ጎርፍ ወይም ለስላሳ መጠጥ የነካው ቦርድ በመጀመሪያ በዲስቲልድ ውሃ፣ ቀጥሎ 99 በመቶ በሆነ አልኮል መታጠብ ይኖርበታል። ሰባ በመቶ የሆነው የፋርማሲ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ ለመጨረሻው እጥበት አይመረጥም። የቀለም ማቅጠኛ ፕላስቲክንና ማጣበቂያን ሊያሟሟ ይችላል። አልኮሉ ራሱ በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ ሥራው ከእሳት ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል መከናወን አለበት። ማድረቅ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቫኩም ያለበት ቤተ ሙከራ ከተገኘ ባትሪው የተነቀለ ቦርድ ያለ ሙቀት ሊደርቅ ይችላል፤ ግፊቱ ወደ 3.2 ኪሎፓስካል ሲወርድ ውሃ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላልና።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ የዛሬ ስልኮች ውሃ አያስገቡም የሚል ነው። አይ.ኢ.ሲ. 60529 በተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ የውሃ መከላከያ ደረጃው 7 የሆነ መሣሪያ በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ፈተናው የሚካሄደው በአዲስ መሣሪያ ላይ ነው፤ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ሳሙናና ስለ ባሕር የሚለው ነገር የለም። ማሸጊያው በጊዜ ይደክማል፤ ስክሪኑ አንድ ጊዜ የተቀየረ ስልክ ደግሞ ማሸጊያው እንደገና ካልተሠራለት ደረጃው የወረቀት ደረጃ ብቻ ነው። ያገለገለ ወይም የተጠገነ ስልክ ይዞ መስክ የሚወጣ ተማሪ በዚህ ቁጥር ሊተማመን አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፤ መፍትሔው ቅጂ መያዝ እንጂ ዕቃ ማጠብ አይደለም ይላል። ቅጂ መያዝ እንደሚቀድም አያከራክርም። ሆኖም በቅጂና በቅጂ መካከል ሁልጊዜ ክፍተት አለ፤ አደጋ የሚደርሰውም በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ቀድሞ ቦርዱ ቢሞትም የማስታወሻ ቺፑን ነቅሎ ማንበብ የሚቻልበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ወዲህ ግን በዚያ ሥርዓት ተሠርተው የሚወጡ አዳዲስ ስልኮች ሁሉ የተጠቃሚውን መረጃ እንዲያመሰጥሩ ግዴታ ተጥሎባቸዋል፤ ምስጢሩን ለመፍታት የሚያስፈልገው ቁልፍም ከዚያው ስልክ ማቀናበሪያ ተነጥሎ አይወጣም። በዚህ ምክንያት መረጃውን ለማግኘት ቦርዱ ራሱ ቢያንስ ለአንድ ጊዜ መነሣት አለበት። ምስጠራው የመረጃ ሰጪዎችን ምስጢር ስለሚጠብቅ ተገቢ ነው፤ ዋጋው ግን የቦርዱ ሕይወት የመረጃው ሕይወት መሆኑ ነው። ቦርድ ለማጠብም የይለፍ ቃል አያስፈልግምና ተመራማሪው ስልኩን ሲያስጠግን የመረጃ ሰጪዎቹን ምስጢር አሳልፎ መስጠት የለበትም።

ከዩኒቨርሲቲዎች የሚጠበቀው

ለመስክ የሚሰጥ ሥልጠና መጠይቅ አሞላልን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎችም ማስተማር ይኖርበታል፦ አጥፋ፣ ንቀል፣ አታብራ፣ ቻርጅ አታድርግ። ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ከረጢትና በየምሽቱ ወደ ሚሞሪ ካርድ የሚገለበጥ ቅጂ የማንኛውንም የጥናት በጀት አያናጉም። ዲስቲልድ ውሃ፣ አልኮልና ቫኩም ያላቸው የኬሚስትሪና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ክፍሎች ለጥናት መሣሪያዎች የእጥበት አገልግሎት በጋራ ቢያቋቁሙ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

ከዚህ የሚበልጥ ሥራም አለ። በመርካቶና በየክልል ከተማው ባሉ የጥገና ሱቆች በየቀኑ የራሱ ቦርዶች ይከፈታሉ፤ የትኛው ፈሳሽ የትኛውን ክፍል ቀድሞ እንደሚጎዳ በልምድ የሚያውቁ እጆች እዚያ አሉ። ይህ ልምድ ሊመዘገብና በሙከራ ሊፈተን ይገባል። ተመሳሳይ ቦርዶች፣ የማስተላለፍ ዐቅሙ የተለካ ውሃ፣ ባትሪ የተያያዘና ያልተያያዘ፣ የአንድ ሰዓት፣ የአንድ ቀንና የሦስት ቀን መዘግየት፣ እጥበት የተደረገለትና በሩዝ ብቻ የቆየ፤ ከዚያም ቢያንስ አንድ ክረምት የሚዘልቅ ክትትል። ይህ ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ የሚበቃ፣ በአገር ውስጥ ዐቅም የሚሠራ ጥናት ነው። ውጤቱ ሩዝን የሚደግፍ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ምክር በልኬት ላይ የቆመ ይሆናል።