ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

እንደሚታወቀው ገና ሲቃረብ በየግቢው የሚነሳው ወሬ የበሬና የዶሮ ዋጋ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ቀን አቆጣጠር ላወራችሁ ነው። “ይሄ ደግሞ ምን ይሠራልናል?” እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ታገሡኝ።

በ2016 ዓ.ም. ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነበር። ቡራዩ በተከራየሁበት ግቢ የቅርጫው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። “አንተ የኮሌጅ ተማሪ ነህ፣ ጻፍ” ተብዬ ነው። ስም ስመዘግብ ታዲያ ሰዉ ሁሉ “ገና 29 አይደለም እንዴ?” እያለ ያፋጥጠኝ ጀመር። መልሱን ስላላወቅሁት በአካባቢያችን ያሉ አንድ ካህን ጠየቅኋቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ የነገሩኝ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጌታን ፅንሰት የምታስበው መጋቢት 29 ነው። ከዚያ ተነስታችሁ ጳጉሜን ጨምራችሁ እስከ ታኅሣሥ 29 ብትቆጥሩ 275 ቀን ይመጣል። ይህም ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ማለትም በዘመነ ዮሐንስ ግን በዓሉ 29 ላይ ቢውል ቁጥሩ 276 ይሆናል። ስለዚህ በ28 ይከበራል። የእመቤታችን የእርግዝና ቀን እንዳይዛባ ሲባል አገር የሚያከብረው በዓል ቦታውን ይለቃል ማለት ነው!

አንዳንድ ጓደኞቼ “ገና እኮ ከሮማውያን የፀሐይ በዓል የተቀዳ ነው” እያሉ ይከራከሩኛል። እርግጥ ነው፣ ወንጌል ጌታ የተወለደበትን ቀን አይነግረንም። ንጉሠ ነገሥት ኦሬልያን ሮም ላይ ለፀሐይ አምላክ ቤተ መቅደስ ያስመረቀው እ.ኤ.አ. በ274 ሲሆን፣ ዲሴምበር 25 የክርስቶስ ልደት ተብሎ የምናገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ354 በተጠናቀረ የሮም መዝገብ ላይ ነው። በሌላ በኩል የጥንት ክርስቲያኖች ፅንሰቱን ማርች 25 ላይ አድርገው ዘጠኝ ወር በመቁጠር ቀኑን አገኙት የሚሉ ምሁራን አሉ። ክርክሩ ገና አልተቋጨም። በእኔ በኩል ግን የሮሙ ነገር የፈለገውን ቢሆን፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በዓሉን የምታስረዳው በፀሐይ ሳይሆን በእናት ማህፀን ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ሁለቱም የግንባታ የቀን ሠራተኞች ናቸው። የሚስትየዋ ሆድ ገፋ ሲል አከራያችን ቤቱን እንዲለቁ ነገሯቸው። እኒህ ሴት ክፉ አይደሉም፤ እኔ ራሴ ታምሜ አጥሚት ያጠጡኝ ናቸው። “ልጄ፣ ውኃው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ሽንት ቤቱ አንድ ነው፣ አራስ በምን አቅማችን እንይዛለን?” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም “ልክ ኖት እማማ” ብዬ ዝም አልኩ። ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሄዱ። ማታ የቅርጫውን ወረቀት አውጥቼ ስማቸውን በገዛ እስክሪብቶዬ ሰረዝኩት። ካህኑን የጠየቅኋቸው ከዚህ በኋላ ነው።

ይሄ የእኛ ግቢ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰበታም ሱሉልታም የሚኖሩ የክፍል ጓደኞቼ “ልጅ ያለው አናከራይም” የሚለውን ቃል ደጋግመው ሰምተውታል። የአዲስ አበባ ኪራይ የከበደው ሰው የሚሸሸው ወደነዚህ ከተሞች ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል፤ የተከራዩ ችግር ግን ያው ነው።

ቤተልሔምም ብትሆን ከኢየሩሳሌም 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። ሰብአ ሰገል ንጉሥ መቼም ቤተ መንግሥት ነው የሚወለደው ብለው መጀመሪያ የገቡት ኢየሩሳሌም ነው። ሕፃኑ ግን የተገኘው ዳር ላይ ነበር። እናቱ በማደሪያው ቦታ ስላጣች በግርግም አስተኛችው። ምሥራቹን ቀድመው የሰሙትም ሜዳ ላይ ያደሩ እረኞች ናቸው። በሱሉልታ ሜዳ የገና ጨዋታ በኦሮምኛ ቂሌ ይባላል፤ በዓሉም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ሩሯን በቆልማማ ዱላ የሚያሳድዱት እረኞች የሚያስታውሱን እነዚያን ውጪ ያደሩትን ሰዎች ነው።

እንግዲህ የልደት መንፈሳዊ ትርጉሙ ይሄ ይመስለኛል፦ እግዚአብሔር ቦታ ከተከለከለች እናት ተወለደ። ይህንን አምኖ እርጉዝ ማስወጣት አብሮ አይሄድም። ሌላ እምነት ያላችሁ ጓደኞቼም ብትሆኑ ነገሩ የሚጠፋችሁ አይመስለኝም።

አከራዮችን ብቻ መውቀስ ደግሞ ቀላል ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየግቢያችን ተከራዮች ተሰብስበን “አራስ አይወጣም” የሚል ስምምነት እናድርግ። ቢያንስ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሳ፣ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን። የውኃውን ነገር እኛ ወጣቶቹ በጄሪካን በተራ እንችለዋለን። ያኔ አከራዮቻችንም እሺ ለማለት አይከብዳቸውም። እኔ ያን ቀን ለእማማ ይህን ማለት ስችል አላልኩም።

ቤተ ክርስቲያን ለአንዲት እናት 275 ቀን ስትቆጥር አንድ ቀን እንኳ አታሳልፍም። እኛ 40 ቀን መታገሥ ያቅተናል?

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ!