መንገድ መሪ አሽከር አይደለም

ስለ ስሜን ተራሮች የሚታተሙትን የጉብኝት መግለጫዎች አንድ ጠባይ ያስተባብራቸዋል። ገደሉን ያደንቃሉ፤ ዋልያውንና ጭላዳውን ያሞግሳሉ፤ ቋጥኙንም አማልክት ከተጫወቱበት የሰንጠረዥ ጠጠር ጋር ያመሳስላሉ። ምሳሌው የተገኘው ከባሕር ማዶ ተጓዦች ብዕር ሲሆን፣ ዛሬ የአገሩ ልጅ ሳይቀር እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ሰው ግን በእነዚህ መግለጫዎች ውስጥ የለም። ካለም በበቅሎ ልጓም ጫፍ፣ በጠመንጃ አንጋችነት ወይም በድስት ጀርባ ብቻ ነው። ስሙ አይጠራም፤ ዕውቀቱም አይጠየቅም። ለመሆኑ ከደባርቅ ተነሥቶ ሦስትና አራት ሌሊት በተራራ ላይ የሚያድረውን እንግዳ የሚመራው ሰው ምንድን ነው? አሽከር ነውን? ወይስ መምህር? መልሱ የማያሻማ ነው። መንገድ መሪ መምህር ነው፤ መምህርነቱን የነፈገው አመለካከትም ሊጋለጥና ሊታረም ይገባዋል።

በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። ደባርቅ ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት። የዳባትን የገብስ ማሳዎች አልፎ የመጣ ተጓዥ እዚህ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል፤ መንገድ መሪ፣ ታጣቂ ስካውት፣ ወጥ ሠሪና በቅሎ ነጂ አስከትሎም ይነሣል። አንዱን ሌሊት በሳንቃ በር፣ ሌላውን በግጭ፣ ሦስተኛውን በጨነቅ ያድራል። ግጭና ጨነቅ ከባሕር ወለል ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ስለሆኑ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥልባቸዋል። ወደ ራስ ደጀን የሚዘልቀው ደግሞ የቧሂትን ከፍታ ተሻግሮ፣ ወደ መሻሃ ወንዝ ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ መውጣት አለበት። ጭጋግ ሲወርድ የትኛው ዱካ ከገደል አፋፍ እንደሚያደርስ ማወቅ፣ ከፍታ ራሱን የሚያዞረውን ሰው ሕመሙ ሳይጠና ለይቶ ወደ ቆላው ማውረድ፣ ከአስታው ጫካ ወጥቶ ጅባራ ወደ በቀለበት ሜዳ ሲደርሱ የአየሩን ለውጥ አስቀድሞ መረዳት፣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሥልጠና አይገኝም። ይህን የያዘ ሰው ባለሙያ ካልተባለ፣ ባለሙያ የሚባለው ማነው?

ተራራው ራሱም አስተማሪ ይፈልጋል። ስሜን የከሰመ እሳተ ገሞራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ የወጣ ቅልጥ ዐለት በሰፊው ፈስሶ፣ ንብርብር በንብርብር ተደርቦ ደጋውን ሠራ፤ በዚያም ላይ እንደ ጋሻ የተንጣለለ ታላቅ እሳተ ገሞራ ተነሣ። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው ራስ ደጀን የዚያ ቅሪት ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ውሃ በተራው መጣ፤ ሚሊዮን ክረምቶች አምባውን ሸርሽረው ዛሬ የምናየውን ገደል ቀረጹት። በአፋር ምድር ኤርታ አሌ ላይ ሌሊቱን የሚያድር መንገደኛ፣ እሳቱ በሚገለጥበት ጊዜ በገዛ ዓይኑ ያየዋል። ስሜን ላይ የሚያድር ግን በመሶብ እንደ ተነባበረ እንጀራ የተደራረበውን የገደል ገጽ እያመለከተ፣ የጥንቱን እሳት የሚያሳየው ሰው ያሻዋል። ያ ሰው መንገድ መሪው ነው። እርሱ ዝም ካለ ወይም ዝም እንዲል ከተደረገ ተራራው ፎቶግራፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዝምታው ምን እንዳስከተለ ለማወቅ ከጫፉ ስም የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ስሙ ራስ ደጀን ነው። ደጀን ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ፣ ወገን የሚመካበት ኃይል ማለት መሆኑን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል። በባዕዳን ካርታ ላይ ግን ስሙ ተጣምሞ «ዳሸን» ተባለ፤ እኛም ትርጉም ያለውን ቃል ጥለን ትርጉም የሌለውን አነሣን፤ ባንክና ቢራም ሰየምንበት። ሌሎች ሕዝቦች እንዲህ አላደረጉም። ጀርመናዊው ሃንስ ማየር እ.ኤ.አ. በ1889 ሌላውን የአፍሪካ እሳተ ገሞራ ኪሊማንጃሮን በወጣ ጊዜ ጫፉን በንጉሠ ነገሥቱ በቪልሄልም ስም ሰይሞት ነበር። ታንጋኒካ እ.ኤ.አ. በ1961 ነፃ ስትወጣ ጫፉ «ኡሁሩ» ማለትም «ነፃነት» ተባለ። ማየርን መርቷል ተብሎ የሚነገርለት ዮሃኒ ኪንያላ ላውዎም እስከ ዛሬ በስሙ ይታወሳል። ቅኝ ተገዝታ የነበረችው አገር የተራራዋን ስምና የመሪዋን ክብር ስታስመልስ፣ ነፃነቷን ጠብቃ የኖረችው አገር ስሟን በፈቃዷ ማስረከቧ ምን ይባላል?

በዚሁ ረገድ ሌላም የተለመደ አባባል አለ። ራስ ደጀን «ለመጀመሪያ ጊዜ» የተወጣው እ.ኤ.አ. በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ በተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ነው ይባላል። በጽሑፍ ስለ ተመዘገበ ጉዞ ከሆነ መልካም። ነገር ግን ከብቱን በዚያ ከፍታ ሲያግድ የኖረውን እረኛ እንዳልነበረ መቁጠር ታሪክ መጻፍ ሳይሆን ታሪክ መደምሰስ ነው። አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ በግሪክኛ አስጽፎት የነበረውና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት የገለበጠው ጽሑፍ፣ በረዶ በለበሱ ተራሮች ላይ ስለሚኖሩት የስሜን ሰዎች ይናገራል። ከፈረንሳዮቹ በፊት ከ1,200 ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

የዚህን አቋም ተቃዋሚዎች ሁለት መከራከሪያ ያቀርባሉ። አንደኛው፣ «ፓርክ የአራዊት መኖሪያ ነው፤ ሰው ሲወጣ ተፈጥሮ ይለመልማል» የሚል ነው። በውስጡ እውነት አለ። በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመውና በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ የሆነው ይህ ፓርክ፣ በእርሻና በግጦሽ ተጎድቶ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ። በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የሌለው ዋልያ መጠበቅ እንዳለበት የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ገበሬው ከግጭ ሲወርድ የወረደው ከብቱና ጎጆው ብቻ አልነበረም። የምንጩ ስም፣ የጓሳው ወራት፣ የነፋሱ ጠባይ፣ የየአፋፉ ታሪክ አብረውት ወርደዋል። ይህ ዕውቀት በመንገድ መሪው አፍ በኩል ወደ ተራራው ካልተመለሰ፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚያስታውሰው አይኖርም። ዋልያን ከጥፋት ያዳነ አገር ቃሉን ለጥፋት ቢተው ሥራው ግማሽ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ፣ «ዋጋውን የሚከፍለው የውጭ አገር ሰው ነው፤ ኢትዮጵያዊ በተራራ ላይ ለማደር ገንዘቡን አያወጣም፤ ስለዚህ መሪው የእንግዳውን ፍላጎት ያገልግል» ይላል። ይህ ንቀት ነው። በእግሩ ተጉዞ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ በየገዳሙ ደጃፍ ያደረ ሕዝብ የተራራ ጉዞን ከማንም አልተማረም። የጎደለው ፍላጎት ሳይሆን ጥሪ ነው። ጥሪውን ማሰማት የነበረባቸውም መምህሩና ከያኒው ነበሩ። የቴዎድሮስን ታሪክ በመድረክ ያላነሣ ጸሐፌ ተውኔት ጥቂት ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ድል ከሆኑ በኋላ ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባትን፣ በጃናሞራ ያለችውን ደረስጌ ማርያምን በእግሩ ረግጦ ያየ ግን ስንቱ ነው? ሠዓሊው ስሜንን ከፖስት ካርድ ይገለብጣል፤ ገጣሚው «የደጋው ብርድ» እያለ ከምድጃ ዳር ይጽፋል፤ መምህሩ የተራራውን ከፍታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያጽፋል። ተማሪው ግን በውርጭ ሌሊት አድሮ የጎህን መቅደድ ከእሜት ጎጎ አፋፍ ላይ አላየም።

እነዚህ ቃላት የሚጻፉት ተራራው ደስታ በሞላበት ዘመን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ዘልቆ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በጎብኚ ዋጋ ላይ ኑሮውን የመሠረተውን የደባርቅ ሰው ክፉኛ ጎድቷል። የደረሰው ችግር አንድ ነገር አስተምሯል፤ በሩቅ አገር እንግዳ ብቻ ላይ የቆመ ሙያ፣ እንግዳው በቀረ ቀን ይወድቃል። መንገደኛው የአገሩ ልጅ የሆነ እንደሆነ ግን ሰላም በተመለሰ ማግስት መንገዱ ይከፈታል።

ስለዚህ ሥራው ግልጽ ነው። የመንገድ መሪው ፈተና ከባዕድ ቋንቋ በተጨማሪ የየስፍራውን ስም፣ የእሳተ ገሞራውን ታሪክና የደረስጌን ዜና ይጠይቅ። የኪሊማንጃሮ ደንብ የተሸካሚውን ጭነት በ20 ኪሎ ግራም እንደ ወሰነ ሁሉ፣ ለበቅሎ ነጂውና ለወጥ ሠሪውም የደመወዝ፣ የመኝታና የብርድ ልብስ ደንብ ይጻፍ፤ ተፈጻሚነቱም ይታይ። የአካባቢው ትምህርት ቤቶችና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ቢያንስ አንድ ሌሊት በተራራው ላይ ያሳድሩት። ከያኒው ስለ ስሜን ከመጻፉ በፊት የመሪውን ዋጋ ከፍሎ ይውጣ፤ የሰማውንም ከነባለቤቱ ስም ይጻፍ። ካድሬው ስለ ልማት ሲናገር የጎብኚውን ብዛት ብቻ ሳይቆጥር፣ የመሪውን ክብርም ይመዝን። በካርታውም በመማሪያ መጽሐፉም ራስ ደጀን በራሱ ስም ይጠራ።

ደጀን ማለት መከታ ነው። የስሜን ተራራ መከታ ደግሞ ገደሉ አይደለም፤ ገደሉን የሚያውቀው ሰው ነው። እርሱን በአሽከርነት ያስቀረ አገር ከተራራው የሚተርፈው ድንጋዩ ብቻ ይሆናል።