የታደሰው ክራሽና የቀድሞው ዝላይ

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ፥ ይልቁንም ለወላጆች፥ አላስፈላጊ መስሎ ይታይ ይሆናል። ከመምህራንም መካከል «ይኽ ተማሪ ይኽን ያኽል ጊዜ ለፈተናው ቢሰጥ ኖሮ» የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ሆኖም አንድ የተወደደ ሥራ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ገና ሲሠራ ምኑ ሊለወጥ ይገባል፥ ምኑስ እንዳለ ሊቀር ይገባል የሚለው ጥያቄ በዘፈንም፥ በትያትርም፥ በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የሚነሣ ትልቅ ጥያቄ ነው። እኔን ይኽ ጥያቄ የገጠመኝ በአንድ ብርቱካንማ እንስሳ ዝላይ ላይ ስለ ሆነ፥ በዚያው ላይ አስተያየቴን ለመስጠት እወዳለሁ።

ጨዋታው ክራሽ ባንዲኩት ይባላል። ባንዲኩት በአውስትራልያ የሚገኝ፥ አፍንጫው የሾለ፥ ግልገሉን በሆዱ ኪስ የሚያሳድግ ትንሽ እንስሳ ነው። ኖቲ ዶግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ጨዋታ በ1996 ለሶኒ ፕሌይስቴሽን አወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)፤ ሁለተኛውን በ1997፥ ሦስተኛውን በ1998 አስከተለ። ለማያውቁት ባጭሩ ለመግለጽ፥ በመጀመሪያው ጨዋታ የክራሽ መሣሪያ ሁለት ብቻ ነው፤ እነርሱም መዝለልና እንደ እንዝርት መሽከርከር ናቸው። ሣጥን ይሰብራል፥ ዉምፓ የተባለውን ፍሬ ይለቅማል፥ ፍሬው 100 ሲሞላ አንዲት ነፍስ ይጨመርለታል፥ ገደል ሲገባ አንዲት ነፍስ ይቀነስበታል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ስለዚህ ጨዋታው ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው በዝላዩ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች በምን ዓይነት ችግር ውስጥ እንደ ሠሩ ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የዚያን ጊዜው ፕሌይስቴሽን ዋና ማኅደረ ትውስታ 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። አንድ የጨዋታው ክፍል ባንድ ጊዜ በዚያ ውስጥ ስለማይገባ፥ ተጫዋቹ ወደ ፊት በሄደ ቍጥር መሣሪያው የሚቀጥለውን መንገድ ከዲስኩ ላይ ቍራጭ በቍራጭ እያነሣ ያቀርብለት ነበር። የክራሽም ገላ የተሠራው 500 በሚያኽሉ ጥቃቅን ገጾች ነው፤ በአብዛኛው ሥዕል ሳይለጠፍበት እንዲያው ቀለም ተቀብቷል። መንገዱ እንደ ኮሪደር ጠባብ የሆነበትም ምክንያት ካሜራው የሚሄድበት መሥመር አስቀድሞ ተወስኖ፥ ከየስፍራው የሚታየው ነገር አስቀድሞ ስለ ተሰላ ነው። ታዲያ መንገዱ ጠባብ ሲሆን እያንዳንዱ ጕድጓድ በልክ ይቈፈራል። ከዚህ ጠርዝ እስከዚያ ጠርዝ ያለው ርቀት የተለካው በአንድ ዝላይ ነው፤ በክራሽ ዝላይ።

ወደ ቤታችን ጨዋታው የገባው በታላቅ ወንድሜ አሮጌ መሣሪያ ነው። በየሰፈሩ ያሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ዛሬ በአብዛኛው የእግር ኳስ ቤቶች ስለ ሆኑ፥ ክራሽን የተማርሁት እዚያ አይደለም። ሚሞሪ ካርድ አልነበረንም። ጨዋታው ግን ካርድ ለሌለው ተጫዋች ሦስት ማዕዘን፥ ክብ፥ አራት ማዕዘንና መስቀል የተደረደሩበት የምሥጢር ቃል ይሰጣል፤ እኔም በሒሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ እገለብጠው ነበር። ይኽም የሚገኘው በየመንገዱ ያሉትን ሦስት ምልክቶች ሰብስቦ፥ ልዩውን ክፍል ሳይወድቁ ለፈጸመ ነው። ከዚያ በፊት መብራት ከጠፋ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። በዚህ ከተማ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። አንድ ገደል መቶ ጊዜ የዘለለ ልጅ ደግሞ ዝላዩን የሚያውቀው በጭንቅላቱ ሳይሆን በአውራ ጣቱ ነው።

በ2017 አክቲቪዥን የተባለው አሳታሚ ሦስቱንም ጨዋታዎች በአንድነት አሳድሶ አወጣ፤ የዕድሳቱን ሥራ የሠራው ቪካሪየስ ቪዥንስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው። በመጀመሪያ ለፕሌይስቴሽን 4 ብቻ ነበር፤ በ2018 ለሌሎቹም መሣሪያዎች ወጣ። ሠሪዎቹ የየክፍሉን የቀድሞ ቅርጽ ከባለቤቶቹ ቢያገኙም፥ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ግን እንደ አዲስ መጻፍ ነበረባቸው። አንባቢ ይኽን ልብ ይበል፤ የጉዳዩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ ምስጋና የሚገባውን ላመስግን። ሥዕሉ እጅግ ውብ ነው። በቀድሞው ጨዋታ አረንጓዴ ቀለም ብቻ የነበረው ቅጠል አሁን ጤዛ አርፎበት ይታያል፤ የክራሽ ጠጕር አንድ በአንድ ይቈጠራል፤ ወድቆ ሲሞት ፊቱ ላይ የሚታየው ግራ መጋባት እኔንም በንዴቴ መካከል ያስቀኛል። ጨዋታውን ማስቀመጥ ቀላል ሆኗል፤ መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው ጥቂት ነው። በፊት አንድን ነጭ ዕንቍ ለማግኘት ሣጥኖቹን ሁሉ መስበር ብቻ ሳይሆን አንድ ጊዜም አለመሞት ግዴታ ነበር፤ አሁን ይኽ ግዴታ ለባለ ቀለሞቹ ዕንቍዎች ብቻ ቀርቷል። አንዳንዶች «ቀለለ» ብለው ይነቅፋሉ። እኔ ግን ይኽ ጭካኔ በመቀነሱ አላዝንም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ የኮኮ ነገር ነው። ኮኮ የክራሽ ታናሽ እኅት ናት። በመጀመሪያው ጨዋታ ፈጽሞ የለችም፤ በሁለተኛው ወንድሟን ትመክራለች እንጂ አትጫወትም፤ በሦስተኛው የተወሰኑ ክፍሎች ተሰጧት። በታደሰው ግን በሦስቱም ጨዋታዎች ውስጥ አብዛኛውን መንገድ በእርሷ መጫወት ይቻላል። የእኔም ታናሽ እኅት መጫወት የጀመረችው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ክራሽን ነክታው አታውቅም፥ ሁልጊዜ ኮኮን ነው የምትይዘው። ሌላም ልጨምር። በ1996 ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እጅግ ከባድ ነው ተብሎ ከጨዋታው የተተወ ስቶርሚ አሴንት የሚባል ክፍል ነበር። የተደበቀው ክፍል በዲስኩ ውስጥ ተቀብሮ ኖሮ፥ በ2017 ታድሶ ለሕዝብ ተሰጠ። ይኽን ያደረገ ሰው የቀድሞውን ሥራ የማይወድ ነው ሊባል አይችልም።

እንግዲህ ወደ ዝላዩ እንምጣ። አሳታሚው ራሱ በ2017 እንደ ገለጸው፥ ለሦስቱም ጨዋታዎች የክራሽ አያያዝ መነሻ የተደረገው የሦስተኛው ጨዋታ አያያዝ ነው፤ ምክንያቱም ከሦስቱ የተሻለው እርሱ ስለ ሆነ። ሦስተኛው የተሻለ መሆኑን እኔም አልክድም። ነገር ግን የመጀመሪያው ጨዋታ ጕድጓዶች የተለኩት በሦስተኛው ዝላይ አልነበረም። የአንዱን እግር ለክቶ የተሰፋ ጫማ ለሌላው እንደ መስጠት ነው፤ የሁለተኛው ሰው እግር ምንም ያማረ ቢሆን ጫማው ይነክሰዋል። በታደሰው ጨዋታ ክራሽ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ከቀድሞው ፈጥኖ ይወርዳል። በዚህም ላይ ተጫዋቾች በየጊዜው እንደሚያመለክቱት የእግሩ ሥር ለጨዋታው ሕግ ክብ ነው፤ በጠርዝ ላይ ሲያርፍ፥ በቀድሞው ጨዋታ ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረው፥ አሁን እንደ እንቍላል ተንሸራትቶ ወደ ገደል ይገባል። በዓይን ሲታይ ደርሷል፤ እንደ ጨዋታው ሒሳብ ግን አልደረሰም።

ይኽ ከሁሉ የሚብሰው በሮድ ቱ ኖዌርና በሃይ ሮድ ድልድዮች ላይ ነው። ሁለቱም በጭጋግ ውስጥ የተዘረጉ፥ ሳንቃቸው የወላለቀ የገመድ ድልድዮች ናቸው። አንዳንዱ ሳንቃ ሲረገጥ ይወድቃል፤ በአንዳንድ ስፍራ በኤሊ ጀርባ ላይ ነጥሮ ማለፍ ግድ ነው። በቀድሞው ጨዋታ እነዚህ ድልድዮች ከባድ ነበሩ፥ ነገር ግን ፍትሐዊ ነበሩ። ስወድቅ «ፈጠንሁ» ወይም «ዘገየሁ» እል ነበር። በታደሰው ስወድቅ የምለውን ግን እዚህ መጻፍ አይገባኝም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጨዋታ ይኽ ነገር ያን ያኽል አልተሰማኝም፤ ሦስተኛውስ የራሱ ዝላይ ነው፥ የሁለተኛውም መንገድ ሰፋ ያለ ይመስለኛል። ጕዳቱ ያረፈው በመጀመሪያው ላይ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ትለምደዋለህ» ይሉኛል። እውነት ነው፥ ይለመዳል። ቤቱን የሚያድስ ሰው ግድግዳውን አዲስ ቀለም ቢቀባ፥ መስኮቱን ቢያሰፋ፥ ጣራውን ቢቀይር የቤቱ ልጆች ያመሰግኑታል። የደረጃውን ከፍታ በሁለት ጣት ቢለውጠው ግን፥ ሌሊት ያለ መብራት በዚያ ደረጃ ሲወርዱ ያደጉት ልጆች ይሰናከላሉ። ደረጃውም ይለመዳል። ነገር ግን ለመልመድ መገደዳቸው ብቻውን ቤቱ ያው ቤት አለመሆኑን ያስረዳል። እኔ የምከራከረው አዲሱ ዝላይ መጥፎ ነው ብዬ አይደለም፤ የክራሽን የመጀመሪያ ጨዋታ ይዘን እንደ ቀድሞው መልሰናል ሲባል፥ የተመለሰው የሚታየው እንጂ የሚዳሰሰው አለመሆኑን ለማመልከት ነው።

ከዚህ ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፥ በዚያው በ2017 የወጣ ሌላ ጨዋታ ልጥቀስ። ወንደር ቦይ የተባለው ጨዋታ የ1989 እትሙ ታድሶ በወጣ ጊዜ፥ የአሮጌውን ጨዋታ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ከሥሩ መርምረው በእርሱ ላይ ገነቡት። ተጫዋቹ አንድ ቍልፍ ሲጫን ሥዕሉ በጨዋታው መካከል ከአዲሱ ወደ አሮጌው ይለወጣል፤ ዝላዩ ግን ያው የቀድሞው ነው። የቀድሞዎቹ የምሥጢር ቃሎች እንኳ በአዲሱ ላይ ይሠራሉ። ይኽን ባወቅሁ ጊዜ የሒሳብ ደብተሬን አሰብሁና ቅናት ያዘኝ። እርግጥ ነው፥ ያ ጨዋታ በክራሽ ፊት ትንሽ ነው፤ ባለ ሦስት ገጽታውን ዓለም በዚያ መንገድ ማደስ እጅግ እንደሚከብድ ይገባኛል። ነገር ግን ቢያንስ በምርጫዎቹ ገጽ ላይ «የቀድሞው ዝላይ» የሚል አንድ መሥመር መጨመር የማይቻል ነበር ብሎ ማመን ይቸግረኛል።

በሌላው ወገን ደግሞ አሮጌውን እንደ ታቦት የሚያዩ አሉ፤ ከእነርሱም ጋር አልስማማም። ቀድሞ ጥላን አይቶ ርቀትን መገመት አስቸጋሪ ነበር፤ ስለ ማስቀመጡም ከላይ ጽፌአለሁ። ታላቅ ወንድሜ አዲሱን አንድ ጊዜ ሞክሮ «ይኽ የእኔ ክራሽ አይደለም» ብሎ ጆይስቲኩን አስቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ አልነካውም። እኔ ይኽን ማድረግ አልቻልሁም። እየተበሳጨሁ እጫወታለሁ፤ ዕንቍዎቹንም እሰበስባለሁ።

ከእኅቴ ጋር የምናደርገው ክርክር ግን ከዚህ ይጠነክራል። አንድ ቀን አሮጌውን መሣሪያ አውጥቼ፥ ሌንሱን አጽድቼ፥ «አሁን እውነተኛውን እይ» ብዬ ሰጠኋት። አሥር ደቂቃ ያኽል ከተጫወተች በኋላ «ይኼ ዝላዩ ይዘገያል፤ አየር ላይ ይንሳፈፋል» አለችኝ። እኔ ስለ አዲሱ የምናገረውን ያኽል እርሷ ስለ አሮጌው ተናገረች። ለእርሷ አውራ ጣት እውነተኛው ዝላይ ፈጣኑ ነው፤ በክብ እግር ከጠርዝ ላይ መንሸራተትም ለእርሷ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ ጕድለት አይደለም። ልመልስላት ፈልጌ መልስ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም። እኔን የሚያሳስበኝ እርሷ መሳሳቷ አይደለም፤ አልተሳሳተችምና። የሚያሳስበኝ የእኛ አሮጌ መሣሪያ ሌንሱ እየደከመ፥ ዲስኩም እየተጫረ መሆኑ ነው። እርሱ ሲያበቃ በቤታችን ውስጥ የቀድሞው ዝላይ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያውቅ የሁለት ሰው አውራ ጣት ብቻ ይቀራል፤ ያን ደግሞ ለሌላ ሰው ማስረዳት እንደማይቻል በዚያ ቀን አይቻለሁ።

ከእናንተ መካከል ሁለቱንም የተጫወተ ካለ፥ በታደሰው ጨዋታ የሃይ ሮድን ኤሊዎች እንዴት እንደሚያልፍ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። እኔ ኤሊዎቹን ትቼ በድልድዩ ጠርዝ ገመድ ላይ ነው የምሄደው። እኅቴ ይኽን ማጭበርበር ትለዋለች፤ እርሷ በኤሊዎቹ ላይ ነጥራ ታልፋለች።