ለእማማ ማን ነገራቸው?

ሰሞኑን ሰፈራችን አንዲት አያትን እየወቀሰ ነው። የልጅ ልጃቸው ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ነው። ስንት ወር የተጠበቀው የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ደርሶ፣ የሆስፒታል ልብስ ለብሶ፣ ስሙ ሊጠራ ሲል ጎሕ ሲቀድ ወተት መጠጣቱ ታወቀና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያጠጡት እማማ ናቸው። እናትየውን እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ልጁ አለቀሰ፤ እሳቸውም ልጅ ሲያለቅስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያደረጉትን አደረጉ፤ የላም ወተት ለብ አድርገው በሲኒ ሰጡት። አሁን ቡና በተፈላ ቁጥር "አላዋቂ ሳሚ" የሚለው ተረት በእሳቸው ላይ ይተረታል። ለልጁ አዲስ ቀጠሮ ተሰጥቶታል፤ እማማ ግን ከዚያ ወዲህ ሊያቅፉት እንኳ ፈርተዋል።

እኔን ያናደደኝ ወቀሳው ነው። እኚህን ሴት የሚወቅስ ሰው መጀመሪያ አንድ ነገር ይመልስልኝ፤ ለእሳቸው ማን ነገራቸው? እናትየው ኮሪደር ላይ በቁሟ የሰማችው "ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምስ" የሚል ትእዛዝ ነው። ለምን እንደሆነ አልተነገራትም። እሷም የሰማችውን ያህል ለእናቷ አስተላለፈች። ምክንያቱ ያልተነገረ ትእዛዝ ደግሞ ሕፃን በረኀብ ሲንሰቀሰቅ አያትን አያስቆምም። እንዲያውም እኔን የሚያስፈራኝ ምክንያቱን ሳያውቅ የተራበ ልጅ እያየ ዝም የሚል ሰው ነው።

ይህ ዓምድ ስለ "ለምን" ስንት ጊዜ እንደተሟገተ የቆያችሁ አንባቢዎች ታውቃላችሁ። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ በባንክ መስኮት፣ በትምህርት ቤት ስብሰባ "እንዲህ አድርጉ" የሚለን አይጠፋም፤ የጠፋው ምክንያቱን የሚነግረን ነው። ሌላው ቦታ ቢበዛ ጊዜያችን ይባክናል። እዚህ የተያዘው ግን የሕፃን ትንፋሽ ነው።

ምክንያቱ እኮ ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጠው፣ ባዕድ ነገር ወደ ሳንባው እንዳይገባ የሚያስለውና ጉሮሮውን የሚዘጋለት ተፈጥሯዊ ጥበቃ አብሮት ይተኛል። ሆዱ ውስጥ ወተት ካለ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊወርድ፣ ሊገድለውም ይችላል። የጡት ወተት ከሆድ ቶሎ ስለሚወርድ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ 4 ሰዓት በፊት ድረስ ይፈቀዳል። የላም ወተትና የዱቄት ወተት 6 ሰዓት ይፈልጋሉ፤ ንጹሕ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት ይበቃዋል። በብዙ አገር የማደንዘዣ ሐኪሞች የሚመሩበት ስሌት ይህ ነው። ስለዚህ ተራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነ ሕፃን እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ጡት ሊሰጠው ይችል ነበር ማለት ነው። "ከ6 ሰዓት በኋላ ምንም" ሲባል ልጁ 5 ሰዓት በከንቱ ይራባል፣ ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል፣ በመጨረሻ ከቤተሰቡ አንዱ አንጀቱ አልችል ይለዋል። በእርግጥ ሰዓቱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ወላጅ በራሱ ሂሳብ እንዳይመግብ። ነገር ግን "ጡት እስከ ስንት ሰዓት? ውሃስ?" ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። መልሱንም ያን ሌሊት ልጁን ለሚይዝ ሰው ሁሉ፣ ከነምክንያቱ፣ ማድረስ አለበት።

"ለገጠር አያት ይህን ሁሉ ማብራራት ጊዜ ማባከን ነው" የሚሉ አሉ። ላም የምትነጥፍበትን፣ ጥጃ ጡት የሚጥልበትን ቀን የሚያውቁ ሴት ወተት ከሆድ የሚወርድበትን ሰዓት መረዳት አያቅታቸውም። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሌላ ክርክር የለኝም።

ደግሞስ ዝግጅት ማለት የዋዜማው ሌሊት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ዝግጅቱ የሚጀምረው ከአራስ አልጋ ነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ የገባ ጠያቂ ሁሉ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ሕፃኑን ያያል። ከንፈሩን ሲያይ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ከምጡ በላይ እንደሚያም ከራሳቸው ከእናቶቹ ሰምቻለሁ። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው። "የፀሐይ ግርዶሽ አይተሽ ነበር?" "አምሮሽ የቀረ ነገር ነበር?" "በማን ወገን ነው ያለው?"

ያጠፋሽው ነገር የለም። ይህን ለእናቲቱ በመጀመሪያው ቀን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። የላይኛው ከንፈር የሚገጥመው ከ4ኛው እስከ 7ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያ ጊዜ ማርገዟን እንኳ ያላወቀች ሴት ብዙ ናት። ከግራና ከቀኝ የሚያድገው የፊት ክፍል ከመሐለኛው ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ከንፈሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የዘርና የአካባቢ ምክንያቶች ተደራርበው ያመጡታል፤ ሲጋራና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ዕድሉን ይጨምራሉ። ለአብዛኞቹ ልጆች ግን "ይህ ነው" የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም። በዓለም ዙሪያ ከ700 ገደማ ሕፃናት አንዱ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ይወለዳል። በግርዶሽም በእርግማንም አይመጣም። ሚስቱን በዚህ ምክንያት ጥሎ የሄደ አባት አውቃለሁ፤ ለእሱ ቀለም አላባክንም።

ከወቀሳው ይልቅ የልጁ ምግብ ይታሰብ። ላንቃው ደኅና ሆኖ ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ሕፃን ብዙ ጊዜ ጡት መጥባት ይችላል፤ እናቲቱ ክፍተቱን በጡቷ ወይም በጣቷ ትደፍንለታለች። ላንቃው ክፍት ከሆነ ግን አየር ስለሚያመልጥ አፉ ወተት መሳብ አይችልም። ጡት ላይ ብዙ ይቆያል፣ ይደክመዋል፣ ሳይጠግብ ይተኛል። እናቲቱ ጠባልኝ ብላ ታርፋለች፤ ልጁ ግን እየከሳ ይሄዳል። ለዚህ ልጅ የጡት ወተት በንጹሕ ዕቃ ታልቦ፣ እሱም ቀና ተደርጎ ታቅፎ፣ በሲኒ ወይም በማንኪያ ትንሽ ትንሽ እየተደረገ፣ ቶሎ ቶሎ እያስገሱት ይሰጠዋል። ጥቂት ወተት በአፍንጫው ቢመለስ አያስደነግጥ፤ የበለጠ ቀና አድርጎ መያዝ ነው። አንዱ ምግብ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚፈጅበት ከሆነ ያገኘውን ጉልበት በድካም እያወጣው ነውና ሐኪም ይየው። በየሳምንቱም ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመዘን።

ኪሎው ይህን ያህል የሚያሳስበኝ ያለ ነገር አይደለም። ቀዶ ሐኪሞች ከድሮ ጀምሮ የሚመሩበት "የአሥሮች ሕግ" የሚባል አለ፤ ዕድሜው 10 ሳምንት፣ ክብደቱ 10 ፓውንድ ይኸውም 4 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ የደሙ ሄሞግሎቢን 10 ይሁን ይላል። ብዙውን ጊዜ ከንፈር የሚሰፋው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ነው። ከሩቅ አገር በአውቶቡስ መጥቶ ኪሎው አልሞላም ተብሎ የሚመለስ ልጅ አለ። ጉንፋን ይዞት የሚመለስም አለ፤ የተቆጣ የመተንፈሻ አካል በማደንዘዣ ጊዜ አደገኛ ስለሆነ ነው። አቅም ያለው ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ቢደርስና የሚያስለውን ዘመድ ከልጁ ቢያርቅ ይበጀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በየካቲት 12 ሆስፒታልና በኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህን ሕክምና በነጻ ያገኙ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው ስማይል ትሬንም የአገሬውን ሐኪሞች እየደገፈ የቀዶ ሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምናው ነጻ ስለሆነ ማደሪያው፣ ምግቡና ሳይታረስ የሚቀረው ማሳ ነጻ አይሆኑም። ዘመድ መርዳት ከፈለገ እዚህ ላይ ይርዳ።

አሁን ወደ ቆየው ጠቤ ልመለስ፤ ወደ ሁለቱ ፎቶግራፎች። በፖስተር ላይ ታውቋቸዋላችሁ፣ "በፊት" እና "በኋላ"። በጥበቡ ላይ ቅሬታ የለኝም። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ራልፍ ሚላርድ እ.ኤ.አ. በ1955 ስቶክሆልም ላይ ያቀረበው፣ ጠባሳው የከንፈሩን ተፈጥሯዊ መስመር እንዲከተል የሚያደርገው ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ቅሬታዬ በሁለቱ ሥዕሎች መሐል ያሉትን ወራት ለወላጅ የሚያሳየው ባለመኖሩ ነው።

ከቀዶ ክፍል ተይዞ የሚወጣው ልጅ የፖስተሩ ልጅ አይደለም። ከንፈሩ አብጧል፤ እብጠቱም በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይብሳል። ምራቁ ደም ነካ ያደርገዋል። ስፌቱን እንዳይነካ ክርኑን የሚያግድ ነገር ሊታሰርለት ይችላል፤ ይህን የማያዙ ሐኪሞችም አሉ። ከታዘዘ አንዱን እጅ በየተራ እየፈቱ ማንቀሳቀስና ቆዳው አለመላጡን ማየት ያስፈልጋል። ጡት የሚጠባ ልጅ ሐኪሙ ከፈቀደለት እንደነቃ መጥባት ይችላል። ቁስሉ የሚጸዳው እንደታዘዘው ነው፤ ቅቤና የቡና ዱቄት አይድረሱበት። እምነት የሚቀቡ ግንባሩ ላይ ይቀቡት፤ ከንፈሩ ላይ ግን አይሁን። ጠያቂም ምርቃቱን ከሩቅ አድርሶ መሳሙን ይተው። ትኩሳት ከመጣ፣ ደሙ አልቆም ካለ፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ ልጁ አልመገብ ካለ ወይም ሽንቱ ካነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመለስ ነው።

ከዚያም ያልታሰበው ይመጣል። ስፌቱ ወጥቶ፣ እብጠቱ ጎድሎ፣ ሁሉም እልል ካለ ከሳምንታት በኋላ ጠባሳው ይቀላል፣ ይጠነክራል፣ ከንፈሩን ወደ ላይ ሳብ ያደርገዋል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ከወራት በኋላ ይለሰልሳል፤ መደብዘዙ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ያልተነገረው ወላጅ ግን ተበላሸብኝ ብሎ ያለቅሳል፤ አንዳንዱም የሚለጠፍ የሚቀባ ፍለጋ ይወጣል።

አንዲት እናት ደግሞ አንገቷን ደፍታ "የድሮ ሳቁ ናፈቀኝ" አለችኝ። እንዲህ ማለቷ ኃጢአት መስሏት ነበር። ኃጢአት አይደለም። ልጇን የወደደችው በዚያ በሰፊው ሳቅ ነው፤ አንድ ጠዋት ለሐኪሞቹ አስረክባው ከሰዓት በኋላ ሌላ ፊት ሰጧት። ይህ ስሜት እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚነግራት አንድ ነርስ ቢኖር ኖሮ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ለብቻዋ አትሸማቀቅም ነበር። ፊቱ ከመቀየሩ በፊት ፎቶ አንሱት፤ ደብቃችሁ ሳይሆን ለአልበም።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር፤ ግን አንድ ነገር አላስችል አለኝ። ከንፈሩም ላንቃውም የተሰነጠቀ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ከንፈሩ እንደተሰፋ ይጠፋሉ። ፊቱ ገጥሟል፣ ክርስትና ተነሥቷል፣ ጎረቤት ማፍጠጡን ትቷል። ላንቃው የሚሰፋው ግን ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ነው፤ ለዚያ ሁለተኛ ጉዞ ለምን እንደሚያስፈልግ አሁንም የነገራቸው የለም። ምክንያቱ ንግግር ነው። ላንቃው ክፍት ሲሆን ትንፋሹ በአፍንጫ ያመልጣል፤ "በ" ወደ "መ"፣ "ደ" ወደ "ነ" ይጠጋል። ልጁ አባቱን "አባባ" ብሎ ሲጠራ "አማማ" ያለ ይመስላል። ከዚህም ሌላ የጆሮ ኢንፌክሽን ስለሚደጋግመው መስማቱ መታየት አለበት።

ትምህርት ቤት ሲገባ ንግግሩ የማይገባው ጎረቤቱ አይደለም፤ አስተማሪውና የክፍል ጓደኞቹ ናቸው። እጁን ማውጣት የሚተወው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከንፈሩ ተሰፍቶ የቀረ ልጅ የምታውቁ ለአባቱ ምክንያቱን ነግራችሁ፣ ቀጠሮውን አስይዛችሁ፣ ካስፈለገም መሳፈሪያውን ሰጥታችሁ ላኩት። 5 ዓመት የሞላውም፣ 15 የሞላውም ላንቃው ሊሰፋለት ይችላል፤ ከዘገየ ግን ንግግሩን ማቅናት እየከበደ ይሄዳል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋር መመላለስ ይኖርበታል።