ገብሱ ከደጋ፣ ጥጡ ከቆላ

አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩባቸው ስቴቶች ሲያወሩ ጨዋታው ከአየሩ ይጀምርና ሰው ላይ ያርፋል። የሚኒሶታ ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ የቴክሳስ ሙቀት አያስወጣም አያስገባም ይባልና ወዲያው የዚህ ስቴት ሰው ቁጥብ ነው፣ የዚያኛው ተግባቢ ነው ይከተላል። አገር ቤትም ቢሆን ደገኛውን በዝምታው፣ ቆለኛውን በግልፍተኛነቱ መፈረጅ የቆየ ልማድ ነው። የዚህ ልማድ ስሕተት አየር በኑሮ ላይ ኃይል አለው ማለቱ አይደለም፤ ኃይሉ የታወቀ ነው። ስሕተቱ እያንዳንዱ አየር የራሱን ባህል ለብቻው ያበቅላል ብሎ ማሰቡ ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በመካነ ብርሃን ዙሪያ ያለው የስሜን ምድር የሚያሳየው ሌላ ነው፤ እዚያ ባህል የተሠራው አየሮች በሚገናኙበት ቁልቁለት ላይ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የስሜንን ሕዝብ ባህል በትክክል መግለጽም ሆነ ለልማቱ ማቀድ አይችልም።

በመጀመሪያ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ እንይ። አየር በከፍታ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ከራስ ደጀን ጫፍ፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ካለው ውርጭ፣ እስከ ተከዜ ሸለቆ ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከላይ ጅብራና ጓሳ፣ ዝቅ ሲል አስታ፣ ከዚያ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ ጤፍ፣ በመጨረሻ ማሽላና ሰሊጥ ይመጣል። በአሜሪካ በሂውስተንና በሚኒያፖሊስ መካከል ያለው የዓመት አማካይ የሙቀት ልዩነት 13 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህን ልዩነት ለማየት ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። በስሜን ያን ያህሉን ልዩነት በቅሎ የሚነዳ ነጋዴ በጥቂት ቀን መንገድ ያገኘዋል። ሁለት ሰዎች በዚህ ያህል የተለያየ አየር ውስጥ እየኖሩ በአንድ ገበያ መገናኘት፣ መጋባትና መማማል መቻላቸው የስሜንን ጉዳይ ከአሜሪካው የሚለየው ዋና ነገር ነው።

አየር የሚወስነውን መካድ አይቻልም። ከ3,200 ሜትር በላይ ጤፍ አይሞከርም፤ ውርጩ ያስቀረዋል፣ ገብስ ግን ችሎ ይቆማል። ስለዚህ የደጋው ሰው እንጀራው የገብስ፣ የመንገድ ስንቁ በሶ፣ ቁርሱ ቆሎ ነው። የውጭ ሰዎችም የስሜንን ብርድ ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ተጓዥ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ፣ ከተከዜ ማዶ በረዶ በሚወርድባቸውና ለመውጣት በሚያስቸግሩ ተራሮች የሚኖሩ የስሜን ሰዎችን ያነሳል። በዚህ ብቻ ቢቆም ኖሮ የስሜን ታሪክ የብርድና የገብስ ታሪክ በሆነ ነበር።

ግን ደገኛው የሚለብሰውንና የሚጠጣውን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። የብርድ አገር መለያ ልብስ ጋቢ ነው፤ ጋቢ ደግሞ የጥጥ ነው፤ ጥጥ በደባርቅ ሜዳ አይበቅልም። ከቆላ ይወጣል፣ በደጋ ሴቶች እንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ ለሸማኔ ይሰጣል፤ በጎንደር አካባቢ ሽመናው ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል እጅ ሥራ ነበር። አንድ ጋቢ ላይ የሁለት አየር ምርትና የሦስት ማኅበረሰብ እጅ አለበት። ጠላውም እንዲሁ ነው። ገብሱ የደጋ ነው፤ ጌሾው በብዛት የወይና ደጋ ነው፤ አብሮ የሚቀርበው ወጥ ያለ በርበሬ አይሆንም፣ በርበሬም ብርድ አይወድም። ሰርግም ሆነ ተዝካር፣ ደገኛው «የራሳችን» የሚለው ድግስ ከቁልቁለቱ በታች ያለውን አገር ሳይጨምር አይሰናዳም።

የሥልጣን ታሪኩም በዚህ መስመር ይሄዳል። ከምፅዋ ወደ ጎንደር የሚወጣው የነጋዴ መንገድ የሊማሊሞን ገደል የሚያልፍ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1770 (እ.ኤ.አ.) ወደ ጎንደር ሲሄድ የወጣው በዚያው ነው። ገደሉን የያዘ ገዢ ሁለቱንም አየር ይይዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስሜን ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ኃይላቸውን የገነቡት የስሜንን አምባ ከትግራይ ጋር አያይዘው ስለገዙ ነው፤ አምባው መሸሸጊያ፣ ማዶው ደግሞ የንግድና የመሣሪያ በር ሆናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ውቤን ድል ካደረጉ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት፣ በጃናሞራ ወረዳ በምትገኘው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ከመንገድ የራቀ ጥግ የሚመስለው ይህ አካባቢ የአገር መሪ የሚወጣበት ማዕከል ሊሆን የቻለው ከአየሮች መገናኛ ላይ ስለተቀመጠ ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፦ ልውውጡም ቢሆን ምክንያቱ አየር ነው፤ ስለዚህ ዞሮ ዞሮ አየሩ ነው የሚወስነው። ይህን ለመመዘን ተመሳሳይ አየር ያላቸውን ሁለት ቦታዎች ጎን ለጎን ማየት ይሻላል። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ እንደ ስሜን ጓሳ፣ ጅብራ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት ምድር ነው። በመንዝ ማኅበረሰቡ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ከፍቶ፣ ሣሩን እየተካፈለ ለክፍለ ዘመናት ጠበቀው፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያዳክመውም ቦታው ዛሬ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ነው። በስሜን ግን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)፤ በመካከሉ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲነሱ ተደረገ። ብርዱ አንድ፣ ሣሩ አንድ፣ ሰው ከመሬቱ ጋር ያለው ውል ግን ፈጽሞ የተለያየ። አየር ጥያቄውን ያቀርባል፤ መልሱን የሚሰጠው ሰው ያቆመው ሥርዓት ነው።

ይህ ከሆነ ሰዎችን ለማነጻጸር የምንጠቀምባቸው ወሰኖች ራሳቸው ሊጠየቁ ይገባል። የኮሎራዶ ካርታ በቀጥታ መስመር የተሠመረ አራት ማዕዘን ነው። ምሥራቃዊው ሜዳ ከራሱ ምዕራባዊ ተራሮች ይልቅ ከካንሳስ የስንዴና የከብት ምድር ጋር ይመሳሰላል። የዋሽንግተን ስቴትም በካስኬድ ተራሮች ለሁለት ተከፍሎ በሲያትል በኩል ዝናብ፣ በምሥራቅ ደረቅ የስንዴ አገር ሆኗል። አሜሪካዊው የምድር ተመራማሪ ጆን ዌስሊ ፓወል በ1878 (እ.ኤ.አ.) ስለ ደረቁ ምዕራብ ባቀረበው ሪፖርት የሰፈራና የአስተዳደር ወሰን የውሃውን ተፋሰስ ይከተል ብሎ ተከራክሮ ነበር። አልተሰማም፤ በተፋሰስ ተጋሪ ስቴቶች መካከል ያለው የውሃ ክርክር ግን እስከ ዛሬ አላበቃም።

በስሜንም ወሰን ቁልቁለቱን ሲቆርጠው ዋጋ የሚከፍለው ሰው ነው። የደጋው ገብስ ገና ሳይደርስ የቆላው ሰሊጥ ለአጨዳ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከዳባት፣ ከደባርቅና ከጃናሞራ ወጣቶች ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። ወባን የማያውቅ ሰውነት ይዘው ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን ካላዛርን ይዘው ይመለሳሉ። ይህ በሽታ ከንክሻው በኋላ ወራት ቆይቶ ስለሚገለጥ፣ ትኩሳቱ የሚጸናውና ጣፊያው የሚያብጠው ልጁ ወደ ብርዱ አገር ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። የደጋ ጤና ጣቢያ «የቆላ በሽታ እዚህ የለም» ብሎ ከተዘጋጀ ልጁ ያለ ምርመራ ይንከራተታል። መተማና ደባርቅ ቀድሞ በአንድ ሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ነበሩ፤ ዛሬ ግን በሁለት ዞኖች ተለያይተዋል፤ ሠራተኛው የሚሄድበት መንገድ ግን አልተለወጠም።

አፈሩም ይወርዳል። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስሜን ዳገታማ የገብስ ማሳዎች ላይ የአፈር መሸርሸርን ሲያጠና ቆይቷል። ከዳገቱ የታጠበው አፈር መጨረሻው ተከዜ ነው፤ በዚያ ወንዝ ላይ አገሪቱ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሠርታለች። ስለዚህ በጃናሞራ ዳገት ላይ የሚሠራ እርከን የአንድ ወረዳ ጉዳይ አይደለም፤ ለታችኛው አገርም ይሠራል፣ ወጪውንም የታችኛው አገር ሊጋራው ይገባል።

አስተዳደር በከፍታ መስመር ሊመራ አይችልም፣ ወረዳ የግድ ነው የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ ማንም ወረዳ ይፍረስ አላለም። ነገር ግን ወረዳን ጠብቆ በቁልቁለቱ ማሰብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በዳባት የተጀመረውና ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ የተለያየ ከፍታ ያላቸውን ቀበሌዎች አካቷል፤ የሚፈለገው ይኸው አሠራር በግብርናና በጤና በጀት እንዲደገም ነው። ሌላው ተቃውሞ አስፋልትና ገበያ ልዩነቱን ያጠፉታል ይላል። መንገድ ዋጋን ያቀራርባል፣ ከፍታን ግን ዝቅ አያደርግም። መንገድ ሲሻሻል ወደ ቆላ የሚወርደው ወጣት፣ ወደ ደጋ የሚወጣው ሰሊጥና በርበሬ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። አየሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥርም ሰብሉ ወደ ላይ መግፋቱ አይቀርም፤ ያኔ ደገኛው የሚያስፈልገውን እውቀት የሚያገኘው ያንን ሰብል ሲያርስ ከኖረው የታችኛው አገር ገበሬ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ደገኛ ምን ዓይነት ሰው ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ደገኛው ከማን ጋር ነው የሚኖረው?» ይሁን። መልሱ በተግባር ሊታይ ይችላል፤ ደባርቅና መተማ አጫጆች ከመውረዳቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ የሚሠራበት አንድ የጤና መርሐ ግብር ይጋሩ፤ የጃናሞራ እርከን በተከዜ ተፋሰስ በጀት ይታገዝ፤ ለ3,200 ሜትር የሚላከው ዘር ለ2,000 ሜትር ከሚላከው ይለይ። ጋቢውን የሰጠው ቆላና ገብሱን የሰጠው ደጋ በኑሯቸው አንድ አገር ከሆኑ ቆይተዋል፤ ዕቅዳችንም እንደ አንድ አገር ሊያያቸው ይገባል።