ከትንሹ ላፕቶፕ ጋር የሚሸጠው ዕዳ

ላፕቶፕ የሚገዛ ነጋዴ ሻጩን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ራሙ ስንት ነው? ዲስኩ ስንት ይይዛል? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ውስጡ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እስከ መቼ እንደሚያገለግል የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሻጩም ሳይጠየቅ አይናገርም። «ዊንዶውስ አለው» ይባላል፣ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ዕቃው በከረጢት ይገባል። ገዢው ይዞት የሄደው ግን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕዳም ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የከፋው ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነፃ ሲሰጥ የቆየውን የደህንነት ዝማኔ በዚያ ዕለት አቆመ። ላፕቶፑ በማግሥቱም ይበራል፣ ይጽፋል፣ ያትማል፤ ስለዚህም ብዙው ሰው የተለወጠ ነገር ያለ አይመስለውም። የተለወጠው አዲስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር የሚደፍነው አለመኖሩ ነው። በዚህ ዓይነት ላፕቶፕ የባንክ ሂሳቡን የሚያንቀሳቅስና የዱቤ መዝገቡን የሚይዝ ነጋዴ ሱቁን ሳይቆልፍ የሚያድር ነጋዴ ነው።

«ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 ማሳደግ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ዊንዶውስ 11 ግን ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍልና፣ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በርካሽነታቸው ተመርጠው የተገዙት ትንንሾቹ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 2 ወይም 4 ጊጋባይት ራምና 32 ጊጋባይት ማከማቻ ይዘው የመጡ ናቸው። ማከማቻው ደግሞ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ እንደ ሌላው ላፕቶፕ ተፈቶ በትልቅ አይለወጥም።

በገንዘብ የሚገኘው መውጫም ቀላል አይደለም። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 10 ጋር መቆየት ለሚፈልጉ ድርጅቶች ያወጣው ዋጋ በአንድ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ቢበዛ ለ3 ዓመት ይቀጥላል። 61፣ 122፣ 244፤ ድምሩ 427 ዶላር መሆኑ ነው። አዲስ በነበረበት ጊዜ 200 ዶላር ለተሸጠ ላፕቶፕ ይህን መክፈል ከበሬው ዋጋ የገመዱ እንደ ማለት ነው። ዶላሩም የድሮው ዶላር አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ዘልሎ ሄዷል። አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶ መገላገልም እንደ ድሮው የሚቀልድበት ወጪ አልሆነም።

ትንሹ ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው አይደለም። አሱስ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ኢ ፒሲ 701 የተባለውን ባለ 7 ኢንች ላፕቶፕ ለገበያ ሲያቀርብ በውስጡ የነበረው ሊኑክስ ነበር። 4 ጊጋባይት ማከማቻና 512 ሜጋባይት ራም ለያዘ ዕቃ የሚመጥነውም እሱው ነበር። ገበያው ሲሞቅ ማይክሮሶፍት ዝም ብሎ አላየም። ዊንዶውስ ኤክስፒን እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2008 ከገበያ ሊያወጣ ቀጠሮ ይዞ ሳለ፣ ለእነዚህ ትንንሽ ላፕቶፖች ብቻ ሲል ሽያጩን አራዘመ። ብዙም ሳይቆይ በአሜሪካ መደብሮች የሚሸጡት ትንንሽ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ባለ ዊንዶውስ ሆኑ። ቀጥሎ ዊንዶውስ 7 ስታርተር መጣ። ይህኛው የዴስክቶፑን የጀርባ ሥዕል መቀየር እንኳ የማይፈቅድ ነበር፤ ቤት ተከራይቶ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት እንደ መከልከል ያለ ነው። ኤክስፒም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ድጋፉ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት 200 ዶላር ገደማ የሚሸጡና 32 ጊጋባይት ብቻ የሚይዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዊንዶውስ 8.1 ተጭኖባቸው ወጡ። በእነዚህም ላይ ትልልቆቹ ዝማኔዎች ሲመጡ ማረፊያ ቦታ እያጡ ባለቤቱን ማስቸገራቸው የታወቀ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ በትንሽ ላፕቶፕ ውስጥ የሚጫነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚመረጠው ለማሽኑ ስለሚስማማ ሳይሆን አምራቹና ሶፍትዌር ሻጩ በተስማሙበት ዋጋ መሆኑን ነው። የእነሱ ስምምነት ገዢውን ዕድሜ ልኩን የሚያስርበት ምክንያት የለም። ዕቃው የገዢው ነው፤ ጎማው ያለቀበት መኪና ጎማ እንደሚቀየርለት ሁሉ ይህም ይቀየራል።

በአዲስ አበባ የኮምፒዩተር ጥገና ሱቆች መቀየር ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው «ፎርማት» ነው። ጥቂት መቶ ብር ይከፈላል፣ ዲስኩ ይጸዳል፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ይጫናል። ይህ መፍትሔ ሳይሆን ዕዳውን ማባዛት ነው። ክራኩ እንዲሠራ ብዙ ጊዜ ጸረ ቫይረሱ ይዘጋል፤ ዘበኛውን አሰናብቶ ካዝና እንደ ማስገባት ነው። በሕግም በኩል ቢሆን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተደረገለት ሥራ መሆኑን ድርጅት የሚያስተዳድር ሰው ሊዘነጋው አይገባም። የሚገርመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክራኩ ጭራሽ አለማስፈለጉ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የወጡ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁልፋቸው በራሱ በቦርዱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዲስኩ ቢጸዳም ፈቃዱ አይጠፋም፤ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ መልሶ የጫነ ሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይነሳለታል።

ዊንዶውስ 11 ለማይቀበለው ትንሽ ላፕቶፕ ግን የተሻለው መንገድ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ዲስክ ይበቃዋል፤ ሉቡንቱ የሚባለው ደግሞ ከዚያም ቀለል ያለ ነው። ዋጋቸው ዜሮ ነው፣ ዝማኔያቸውም ዜሮ ነው። በ2 ጊጋባይት ራም ተአምር የሚጠብቅ ሰው ግን ያዝናል፤ የኢንተርኔት ማሰሻው ብቻውን ሊያንገዳግደው ይችላል። ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ የዕቃ ዝርዝር ለሚመዘግብ፣ ኢሜይል ለሚልክ ጠረጴዛ ያገለግላል። 4 ጊጋባይት ያለው ደግሞ ደህና የቢሮ ዕቃ ይሆናል።

ለነጋዴው ጥያቄው ፒችትሪ ላይ ሲደርስ ይከብዳል። በኋላ ሴጅ 50 ተብሎ የተሰየመው ይህ የሂሳብ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛው ማሽን ላይ ሊኑክስ መጫን ሥራ ማስቆም ይሆናል። ያ ማሽን ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ሆኖ መገዛት አለበት፤ እዚያ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ፓወር ግዕዝም እንዲሁ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አማርኛ መጻፉ ራሱ በሊኑክስ ችግር የለበትም፣ የአማርኛ ኪቦርድ አብሮት አለ። ነገር ግን በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ውሎችና ደብዳቤዎች ያሉት ቢሮ ፋይሎቹን አስቀድሞ ወደ ዩኒኮድ ካላስለወጠ በስተቀር፣ ሲከፍታቸው የሚያገኘው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅልቅ ነው።

ሥራው ራሱ የሚያስፈራ አይደለም። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሊኑክሱ ይገለበጣል፣ ላፕቶፑ ከፍላሹ እንዲነሳ ይደረጋል፣ ምንም ሳይጠፋ ከፍላሹ ላይ ብቻ ይሞከራል። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፁ ይሰማል? ፕሪንተሩ ያትማል? በተለይ ዋይፋዩ ጣጣ ያለበት ላፕቶፕ አለና ይህ ሳይታይ «ጫን» የሚለውን መንካት ጥድፊያ ነው። ፋይሎችን አስቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግን ለማንም የሚቀር ግዴታ አይደለም፤ ሲጫን ዲስኩ ይጠረጋል።

ሻጮች በበኩላቸው «ዊንዶውስ ከሌለው ማን ይገዛል?» ማለታቸው የታወቀ ነው። አባባሉ መሠረት የለውም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤምኤስአይ የተባለው አምራች ኃላፊ፣ ባለ ሊኑክስ ትንንሽ ላፕቶፖች ከባለ ዊንዶውሶቹ 4 እጥፍ ተመላሽ እንደሚሆኑ ተናግረው ነበር። ገዢው ቤቱ ደርሶ ሲከፍተው ያልጠበቀውን ነገር ካገኘ ቢመልስ አይፈረድበትም። ጥፋቱ ያለው ግን አስቀድሞ ባለመነገሩ ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 የጫነውን ያገለገለ ላፕቶፕ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ የሚሸጠውም የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ገዢው ቶሎ አይነቃም።

ስለዚህ በገዢው በኩል የሚሻለው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ይቀበል አይቀበል እዚያው ሱቁ ውስጥ ማስፈተሽ ነው። ማይክሮሶፍት ለዚሁ ያዘጋጀው ነፃ ፕሮግራም አለ፣ የሚፈጀውም ደቂቃዎች ነው። የማይቀበል ከሆነ ዋጋው እንደማይቀበል ዕቃ ይሁን፤ ሻጩም ሊኑክስ ጭኖ፣ ዋይፋዩን ፈትሾ፣ ይህንኑ በደረሰኙ ላይ ጽፎ ይስጥ። «ላፕቶፕ 1» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደረሰኝ ይዞ የሄደ ገዢ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ የሚከራከርበት ነገር የለውም።