ሁሉ የሞላለት ልዑል ለምን ከፋው?

በዚህ ወር የማወጋችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝ ደራሲና ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ነው። ደራሲው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ልዑሉም በልብ ወለድ እንጂ በታሪክ የኖረ ሰው አይደለም። ሆኖም መጽሐፉ ዛሬ በየሳሎናችን የምንነጋገርበትን ጥያቄ ያነሳል፦ ልጅ የሚያስፈልገው ሁሉ ከተሟላለት ደስተኛ ይሆናል ወይ?

ደራሲው ሳሙኤል ጆንሰን ይባላል። መጽሐፉ “የአቢሲኒያው ልዑል” በሚል ርዕስ እ.ኤ.አ. በ1759 ለንደን ውስጥ ታተመ፤ ኋላ ላይ ግን በባለታሪኩ ስም “ራሴላስ” ተብሎ ታወቀ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በአማርኛም አለ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ተርጉመውታል።

ልክና ሥርዓት የተወደደበት ዘመን

ጆንሰን የኖረበትን ዘመን ጥበብ ምሁራን “ኒዮክላሲዝም” ይሉታል። ቃሉ ከባድ ይመስላል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። እንግሊዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእርስ በርስ ጦርነት ታምሳ፣ ንጉሧን እስከ መግደል ደርሳ ነበር። ዘውዱ በ1660 ሲመለስ ሕዝቡ ሁከት ሰልችቶት ነበርና ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ልክን፣ ሥርዓትንና ማስተዋልን ፈለጉ። ለዚህም ፊታቸውን ወደ ጥንቶቹ ግሪኮችና ሮማውያን መለሱ። ጆን ድራይደን የሮማዊውን ቨርጂልን፣ አሌክሳንደር ፖፕ ደግሞ የግሪካዊውን ሆሜርን ሥራዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቤት በሚመቱ ስንኞች ተረጎሙ። አርክቴክቱ ሮበርት አዳም ግራና ቀኛቸው የተመጣጠነ ቤቶችን ነደፈ። ሸክላ ሠሪው ጆሳያ ዌጅዉድ ደግሞ የጥንቱን ዘመን ማሰሮዎች ቅርጽ ለአበባ ማስቀመጫና ለጠረጴዛ ጌጥ እንዲሆን አድርጎ ወደ መካከለኛው መደብ ቤት አስገባው።

ከቅርጹ በስተጀርባ አንድ እምነት ነበር። ሰው በአገር፣ በልብስና በልማድ ቢለያይም በውስጡ አንድ ነው፤ የጥበብ ሥራም ያንን የጋራ ነገር ማሳየት፣ እያስደሰተም ማስተማር አለበት የሚል ነው። የጆንሰን ወዳጅና የሮያል አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው ሠዓሊ ጆሹዋ ሬይኖልድስ ለተማሪዎቹ ያስተምር የነበረው ይህንኑ ነው፦ የአንዱን ሰው ጉድለት ሳይሆን የሰውን ልጅ ሙሉ መልክ ሣሉ። የሚያስቀው ግን ራሱ ሬይኖልድስ ዓይኑ ደካማ የነበረውን ጆንሰንን መጽሐፍ ከፊቱ አስጠግቶ ሲያነብ ሣለው። ጆንሰን በጣም ተቀየመ፤ የዓይኑ ድካም ለትውልድ እንዲተላለፍለት አልፈለገም ነበር።

የኛ አምባ፣ የእሱ ሸለቆ

ጆንሰን ስለ ኢትዮጵያ ከየት አወቀ? ገና በ25 ዓመቱ፣ ኪሱ ባዶ በነበረበት ጊዜ፣ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። ሎቦ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ አገራችን የመጣ ፖርቱጋላዊ የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ነው። ትርጉሙ በ1735 ታተመ። ለጆንሰን የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲሆን የተከፈለውም አምስት ጊኒ ብቻ ነበር።

በመግቢያው ላይ ወጣቱ ተርጓሚ ደፋር ነገር ጻፈ። የዘመኑ ተጓዦች ስለ ሩቅ አገር ሲያወሩ ጭራቅና ተአምር ይጨምሩ ነበር። ጆንሰን ሎቦን ያመሰገነው ይህን ባለማድረጉ ነው። የትም አገር ያለ ሰው ደግነትና ክፋት፣ ስሜትና ማስተዋል ተቀላቅለውበት እንደሚገኝ በዚያው አስረዳ። በዚያ ዘመን ስለ አንድ የአፍሪካ አገር እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል አልነበረም። የኒዮክላሲዝም መልካም ጎኑም ይኸው ነው፤ ሐበሻውንና እንግሊዛዊውን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣል።

ከ24 ዓመት በኋላ ልብ ወለዱን ሲጽፍ ወደዚያው ንባቡ ተመለሰ። ራሴላስ የሚለው ስም የመጣው የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም እንደሆነ ይታመናል። ታሪኩም መነሻ አለው። በአገራችን የንጉሥ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በግሸን አምባ፣ ኋላም በወህኒ አምባ ይጠበቁ እንደነበር ታውቃላችሁ። እስር ቤትን ወህኒ የምንለውም ከዚህ አምባ ስም ተነስተን እንደሆነ ይነገራል። ጆንሰን ያንን አምባ ወደ ሸለቆ ለወጠው፤ “የደስታ ሸለቆ” ብሎም ሰየመው።

እውነቱን ለመናገር፣ የጆንሰንን አቢሲኒያ ብታነቡ አገራችሁን አታገኟትም። እንጀራው፣ ቡናው፣ የሰፈሩ ጨዋታ የለም። ይህ የኒዮክላሲዝም ድክመት ነው፤ ለሁሉም የሚሆነውን ሲፈልግ የአንዱን ቤት ሽታ ይዘነጋል። የሰውየውን ልብ ግን ታገኙታላችሁ።

ሸለቆው ውስጥ

ራሴላስ የንጉሡ አራተኛ ልጅ ነው። ዕድሜው 26 ደርሷል። የሚኖረው በተራሮች በተከበበና በብረት በር በተዘጋ ለምለም ሸለቆ ውስጥ ባለ ቤተ መንግሥት ነው። ምግቡ፣ ሙዚቃው፣ መምህራኑ፣ ጨዋታው ሁሉ ሞልቶለታል። ክፉ ነገር እንዳይሰማና እንዳያይ ተደርጎ አድጓል።

አንድ ቀን ፍየሎቹን እያየ ያስባል። እነሱ ሲጠግቡ ይተኛሉ፤ እሱ ግን ጠግቦም ዕረፍት የለውም። የጎደለበት ነገር ባለመኖሩ የሚመኘው አጣ። ከዚያ በኋላ 20 ወር ሙሉ ስለ ውጭው ዓለም በሐሳብ ሲዋኝ ያሳልፋል። ቆይቶ ጊዜው እንደ ባከነ ይገባውና ከእንግዲህ ጊዜ አላባክንም እያለ ሲዝት ሌላ አራት ወር ያባክናል። እዚህ ላይ ያልሳቀ ወላጅ፣ ወይም ራሱን ያላየ ጎልማሳ፣ ያለ አይመስለኝም።

አንድ የእጅ ባለሙያ ደግሞ ክንፍ ሠርቶ በሰማይ ሊያወጣው ቃል ይገባለታል። ዓመት ሙሉ ሲሠራ ይቆይና ከገደል ላይ ቢዘል ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። በአየር ላይ ያልረዱት ክንፎች ውኃው ላይ አንሳፍፈው ነፍሱን ያድኑታል።

በመጨረሻ ራሴላስ ዓለምን ዞሮ ያየውን ገጣሚ ኢምላክን ያገኛል። ሁለቱ ተራራውን ቀዳድተው፣ የራሴላስን እህት ኔካያንና ባልንጀራዋን ፔኩዋን ይዘው ወደ ካይሮ ይወጣሉ። ዓላማቸው አንድ ነው፦ ደስተኛ የሚያደርገው የትኛው ኑሮ እንደሆነ አይቶ መምረጥ።

ከበሩ ውጭ

ያላዩት ኑሮ የለም። ወጣቶቹ ሲስቁ ይውላሉ፤ ሳቃቸው ግን ባዶ ነው። አንድ ፈላስፋ ስሜትን ስለ መግዛት ድንቅ ንግግር ያደርጋል። ራሴላስ መምህሬን አገኘሁ ብሎ ሲሄድ፣ ሰውየው አንድያ ልጁ ሌሊቱን በትኩሳት ሞታበት በጨለማ ቤት ተቀምጦ ያገኘዋል። ያ ሁሉ ትምህርት ለራሱ አልበጀውም። 15 ዓመት በዱር የኖረው ባሕታዊ ብቸኝነቱ ሰልችቶት ወደ ከተማ ይመለሳል። ሰማይን ሲያጠና ዕድሜውን የፈጀው ሊቅ ደግሞ ዝናቡንና ፀሐዩን የማዘው እኔ ነኝ ብሎ እስከ ማመን ደርሷል። እሱን ቀስ በቀስ ወደ ልቡ የመለሰው የሰው ጨዋታ ነው። የሁለቱ ሴቶች ወዳጅነትና ወግ ከብዙ ክርክር በላይ ረዳው።

ለእኛ ለቤተሰብ ሰዎች የሚቀርበው ግን የኔካያ ድርሻ ነው። ወንድሟ የባለሥልጣናቱን ግቢ ሲያይ እሷ ወደ መካከለኛ ኑሮ ቤቶች ትገባለች። ያየችውንም ሳትደብቅ ትነግረዋለች። ወላጆችና ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አይስማሙም። ወላጅ ከልምዱ ይናገራል፤ ልጅ በተስፋው ይጣደፋል፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ይህ የተጻፈው ከ260 ዓመት በፊት ነው። ስልክ ያበላሸው ልጅም፣ ዘመናዊነት ያመጣው ችግርም እንዳይመስላችሁ።

መጽሐፉ መልስ ሳይሰጥ ያበቃል። እያንዳንዱ የሚመኘውን ይናገራል፤ ኔካያ የሴቶች የትምህርት ተቋም ማቋቋም፣ ራሴላስ ትንሽ ግዛት በፍትሕ ማስተዳደር ይፈልጋሉ። ምኞታቸው እንደማይሞላ ሁሉም ያውቃሉ። የዓባይ ሙላት ሲያልፍ ወደ አቢሲኒያ ለመመለስ ይወስናሉ።

ጆንሰንና እናቱ

ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሰው በወቅቱ የራሱ ቤት ኀዘን ነበረበት። በጥር 1759 ወደ 90 ዓመት የተጠጉት እናቱ ሣራ በትውልድ ከተማው በሊችፊልድ ታመው ተኝተው ነበር። ሊችፊልድ ከለንደን 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጆንሰን በ1755 ባወጣው ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አገር ሁሉ የሚያውቀው ሰው ሆኗል፤ ገንዘብ ግን አልነበረውም። እናቱንም ለ19 ዓመታት ያህል አላያቸውም ነበር። 12 ጊኒ ላከላቸው፤ ግማሹ ከአንድ አታሚ የተበደረው ነበር። ደጋግሞም ደብዳቤ ጻፈ። እሱ ሳይደርስ እናቱ አረፉ።

የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጄምስ ቦስዌል እንደሚነግረን፣ ጆንሰን “ራሴላስ”ን የጻፈው የእናቱን የቀብር ወጪና ጥቃቅን ዕዳቸውን ለመክፈል ነው። በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ እየጻፈ በየተራ ወደ ማተሚያ ቤት ይልክ ነበር። ለመጀመሪያው እትም መቶ ፓውንድ ተከፈለው። እንግዲህ ሰው የሚኖርበትን መንገድ እንዴት ይመርጣል እያለ ሲጽፍ፣ ራሱ ለ19 ዓመት ወደ እናቱ ቤት ያልሄደበትን መንገድ እያሰበ መሆን አለበት።

ስለ አባቱም የቀረ ጸጸት ነበረው። አባቱ መጽሐፍ ሻጭ ነበሩ። አንድ ቀን ታመው ሳሉ በአቶክሲተር ገበያ ያለውን ሱቃቸውን ሄዶ እንዲጠብቅላቸው ቢጠይቁት፣ ወጣቱ ጆንሰን በኩራት እምቢ አለ። ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ስመ ጥር አዛውንት ሆኖ፣ ወደዚያ ገበያ ሄደና ባርኔጣውን አውልቆ በዝናብ ውስጥ ቆመ። ይቅርታ የሚጠይቀው አባት ግን በሕይወት አልነበረም።

ንጉሡን ወይስ ኢምላክን?

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችን በልጅነታችን የጎደለብንን ነገር ልጆቻችን እንዳያጡ ደፋ ቀና እንላለን። ጥሩ ትምህርት ቤት፣ የተከለለ ግቢ፣ ከደጅ እስከ ደጅ የሚያደርስ መኪና፣ የራሳቸው ክፍል። ይህ ፍቅር ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። የደስታ ሸለቆም የተሠራው ለክፋት አልነበረም፤ ለደኅንነት ነው። ራሴላስን ያሳመመው ምቾቱ ሳይሆን በሩ መዘጋቱ ነው። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚኖር ሳያይ የራሱ ኑሮ ምን እንደሆነ ሊያውቅ አልቻለም።

መጽሐፉ ሁለት ዓይነት አሳዳጊ ያሳየናል። ንጉሡ ሁሉን ሰጥቶ በሩን ይዘጋል። ኢምላክ ግን የሚሰጠው ሀብት የለውም። አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ያያል፣ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ምርጫውን ግን አይነጥቅም። ልጆቹ ሲሳሳቱ አይሳለቅም፤ የፈላስፋውን ንግግር ቶሎ እንዳያምን ራሴላስን ያስጠነቅቀዋል፤ ሄዶ እንዲያይ ግን አይከለክለውም።

እንግዲህ ዕድሜያቸው ለአቅመ ንባብ የደረሰ ልጆች ካሏችሁ ይህን መጽሐፍ በየምሽቱ አንድ አንድ ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡ። 49 ምዕራፍ አለው፤ አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። ከዚያ የማንን ኑሮ ትመርጡ ነበር ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሳቸውን ለማረም አትቸኩሉ። በእረፍት ቀን ደግሞ ከበሩ ውጭ ውሰዷቸው፤ አጎታቸው የሚሠራበት ጋራዥ፣ አያታቸው የሚኖሩበት ገጠር፣ የታመመ ጎረቤት ቤት። ኒዮክላሲኮቹ እንደሚሉት ሰውን የሚያውቀው ብዙ ሰው ያየ ነው።

እናት አባቶቻችሁ በሕይወት ካሉም ወደ እነሱ ሂዱ። ጆንሰን መቶ ፓውንዱን ያገኘው እናቱ ካረፉ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ቸር ያሰንብተን!